የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሕይወትና መጻሕፍታቸው

መጻሕፍት ሁሉ በሚነበቡበት ጊዜ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ከተዘጉ በኋላ ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ እንደ ምሽት ጨዋታ እስኪያልቅ ድረስ ደስ ያሰኛል፤ ባለቀም ጊዜ ደስታው አብሮ ያልቃል። ሌላው ደግሞ ሥራውን የሚጀምረው የመጨረሻው ገጽ ከተገለበጠ በኋላ ነው። አንባቢው ወደ ገበያ ቢወርድ ይከተለዋል፤ ማሳ ሲኰተኵትም ያሳስበዋል፤ ትናንት ያለ ጥያቄ ያልፈው የነበረውን ነገር ዛሬ ቆሞ እንዲመለከተው ያደርገዋል። እንደዚህ ያለው መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ጸሐፊውን ማወቅ ይገባል።

በአማርኛ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል በዚህ ዐይነት አንባቢውን የሚከተሉት የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም ትልልቅ አይደሉም። ጸሐፊያቸውም በ33 ዓመት ዕድሜ ገደማ ያረፉ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ያነሡት ጥያቄ ገና መልሱን እየጠበቀ ስለ ሆነ፥ የትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባብያን የሕይወታቸውን ታሪክ ቢያውቁ ይጠቅማል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በትግራይ አድዋ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በወታደርነት ያገለግሉ ነበር። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው ሲወድቁ አባትዮውም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ሕፃኑ ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ጊዜውም ሽማግሌዎች ክፉ ቀን ብለው የሚያስታውሱት ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውንና ላሙን ፈጀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ዝናቡም ጐደለ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በረኃብና በበሽታ ያለቀው ሕዝብ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው። ከሞት የተረፈው እህል ይገኝበታል ወደ ተባለው ስፍራ ሁሉ ተሰደደ። ገብረ ሕይወትም ከስደተኞቹ ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ፤ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ ፊደልም አስተማራቸው። እንግዲህ በኋላ ስለ ሀገር ሀብትና ድህነት የጻፉት ሰው ድህነትን አስቀድመው ያወቁት በመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ ሆዳቸው ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል። ልጁ ከጓደኞቻቸው ጋር በምጽዋ ወደብ የቆመች መርከብ ለማየት ወጡ፤ መርከቢቱም ይዛቸው ሄደች። የመርከቡ አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ አደራ ሰጣቸው፤ ቤተ ሰቡም እንደ ልጅ አሳደጋቸው። በዚያ የጀርመንን ቋንቋ ተማሩ፤ አድገውም በበርሊን የሕክምና ትምህርት እንደ ተከታተሉ ይነገራል። በረኃብ ዘመን ያለ አባት የቀሩት የአድዋ ልጅ አሁን በባቡር በሚጓዙና በፋብሪካ በሚሠሩ ሰዎች መካከል ሆኑ። ሁለቱን ዓለም ያየ ዐይን ደግሞ ልዩነቱን ሳይጠይቅ አያልፍም። አንዱ ሕዝብ ጠግቦ ሲያድር ሌላው የሚራበው ስለ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጀምሮ አልተለያቸውም።

ገብረ ሕይወት በአውሮፓ ተደላድለው መኖር ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። አፋቸውን የፈቱት በትግርኛ፥ የተማሩትም በጀርመንኛ ስለ ሆነ አማርኛን አጥንተው አበጁ፤ በኋላም በዚህ በአጠኑት ቋንቋ ግልጥ የሆነ ጽሑፍ ለመጻፍ በቁ። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትም ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነው አገለገሉ። በዚያ ዘመን የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ይበዙ ነበርና የአስተርጓሚ ሥራ ክብር ያለው፥ ነገር ግን አደገኛ ሥራ ነበረ፤ የሁለቱን ወገን ምስጢር የሚሰማ ሰው በሁለቱም ወገን ይጠረጠራልና።

ይህም አልቀረላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ በጠና በታመሙ ጊዜ ሥልጣኑ ለማን ይሆናል በሚል ቤተ መንግሥቱ በወገን ተከፋፈለ። ከጀርመን የመጣው ሐኪም ባስነሣው ውዝግብ ምክንያት የጀርመንኛ አስተርጓሚው ስምም አብሮ ተነሣ፤ ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ጋር ሊስማሙ ስላልቻሉ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ከሀገር ወጡ። በስደት ላይ ሳሉም ታመሙ፤ በልጅነታቸው የተቀበላቸው የስዊድን ሚሲዮን በሕመማቸውም ጊዜ ረዳቸው።

ሰው ከሹመቱ ተነሥቶ፥ ከሀገሩ ርቆ፥ ታሞም በተኛ ጊዜ ወይ ያማርራል ወይ ይጽፋል። እርሳቸው ጻፉ። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው የመጀመሪያው ሥራቸው በ1904 ዓ.ም. በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን በታተመው ብርሃን ይሁን በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነውና መጽሐፉ የታተመው ንጉሠ ነገሥቱ ገና በሕይወት ሳሉ፥ ልጅ ኢያሱም በቦታቸው ሆነው ሀገሩን ሲያስተዳድሩ ነበር። በነገሥታት ላይ ውዳሴ እንጂ ሚዛን ባልተለመደበት ዘመን በሕይወት ስላሉ ንጉሥ ደግ ደጉንም ጉድለቱንም መጻፍ ድፍረት ነበረ።

በዚህ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ስለ ታሪክ ጸሐፊ ያስቀመጡት ደንብ ለእኛ ለተማሪዎች ዋጋው ትልቅ ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተደረገውን ነገር የሚያስተውል አእምሮ፥ ለማንም የማያዳላ ፍርድና ንጹሕ ቋንቋ ያስፈልገዋል ይላሉ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል የሚወጣው ታሪክ ሳይሆን ሙገሳ ወይም ስድብ ነው። ዛሬም ስለ ቀድሞ ዘመን ስንከራከር ብዙ ጊዜ የሚጐድለን መካከለኛው ነው።

ቀጥለው ለአዲሱ ገዢ መደረግ የሚገባውን በተራ ዘረዘሩ። የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ፤ ገበሬው የሚከፍለው ግብር መጠኑ የታወቀና በገንዘብ የሚከፈል ይሁን፤ ወታደሩም ሹሙም በገበሬው ቤት ተመርቶ ከሚበላ ደመወዝ ይቈረጥለት፤ ሕግ በዐዋቂዎች ተመርምሮ ይጻፍ፤ ሀገሩ ሁሉ በአንድ ዐይነት ገንዘብ ይገበያይ፤ ጉምሩኩ ይስተካከል፤ ትምህርት ቤት ይከፈት፤ ሰውም በሃይማኖቱ አይገደድ። ለምሳሌነትም ጃፓንን አሳዩ፤ ጃፓን ነጻነቷን የጠበቀችው ዕውቀትን ከሌላው ተቀብላ የራስዋ በማድረጓ ነውና። ዛሬ እነዚህን ስናነብ የተለመዱ ነገሮች ይመስሉናል። የተለመዱ የሚመስሉን ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ባልተለመዱበት ጊዜ ስለ ጻፋቸው ነው።

ልጅ ኢያሱ በገዙበት ዘመን ገብረ ሕይወት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው እንደ ገና ሥራ ያዙ። በምድር ባቡር ቍጥጥር አገለገሉ፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተነሥተው ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ከሆኑ በኋላ ደግሞ የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኑ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን በዚያን ጊዜ የጉምሩክ ሹም ማዕርግ ነበረ።

ሹመቱ ለሰውየው የተገባ ነበረ ማለት ይቻላል። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰላት ከተማ ነበረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቡናና ቆዳ የሚወጣውም፥ የውጭው ጨርቅና መሣሪያ የሚገባውም በዚህች ከተማ በኩል ነበረ። ነጋድራሱ በመጋዘኑ በር ላይ ሆነው ሀገራቸው ምን ሰጥታ ምን እንደምትቀበል በየቀኑ ያዩ ነበር። የወጣው ጥሬ ነው፤ የገባው የተሠራ ነው። የወጣው በብዙ ሰው ጉልበትና በብዙ ወራት የተገኘ ነው፤ የገባው በመኪና በጥቂት ሰዓት የተሠራ ነው። በልጅነታቸው በረኃብ፥ በወጣትነታቸው በአውሮፓ ያዩትን ነገር እዚህ በሂሳብ አገኙት።

ከዚህም ሁለተኛውና ታላቁ መጽሐፋቸው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ተወለደ። ጸሐፊው ግን ታትሞ አላዩትም። በ1911 ዓ.ም. በሰኔ ወር አረፉ። መጽሐፉም ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ ማተሚያ ቤት ታተመ። ሰው ሞቶ መጽሐፉ ሲወለድ ማየት የሚያሳዝንም የሚያጽናናም ነገር ነው።

የመጽሐፉን ዋና አሳብ በእኛው አገር ምሳሌ ላስረዳ። አንድ የዲምቱ ገበሬ በበልጉ ዝናብ በቆሎ ይዘራል። ይኰተኵታል፥ ያርማል፥ ከወፍና ከአውሬ ይጠብቃል፥ ይሸለቅቃል፥ በጆንያ አድርጎ ገበያ ያወጣል። ሚስቱና ልጆቹም አብረውት ደክመዋል። ብዙ ወር የተደከመበትን እህል ሸጦ አንድ የእጅ ስልክ ይገዛል። ያ ስልክ በተሠራበት ሀገር ከብዙ ሺህ መሰሎቹ ጋር በአንድ ቀን ከፋብሪካ የወጣ ነው። በገበያው ላይ ዋጋው እኩል ይመስላል፤ ብሩ ተቈጥሮ ተሰጥቷልና። የድካሙ ቀን ግን እኩል አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የእጅ ስልክ አላዩም፤ በእርሳቸው ዘመን የነበረው ጠመንጃና የፋብሪካ ጨርቅ ነው። ሂሳቡ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ይላል መጽሐፉ፥ ሀብት ማለት ወርቅና ብር አይደለም፤ የሰው ሥራ ነው። የሥራውንም ፍሬ የሚያበዛው ዕውቀትና መሣሪያ ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በአንድ ቀን የሚሠራውን ዕውቀት የሌለው በብዙ ቀን ይሠራዋል፤ ሁለቱም በተገበያዩ ቍጥር የሁለተኛው ድካም ሳይታወቅ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ስለዚህ በጦር ሜዳ ነጻነቱን የጠበቀ ሕዝብ በገበያ ሊያጣው ይችላል። ይህ ቃል የተጻፈው የአድዋ ድል ገና ትኩስ በነበረበት ዘመን፥ በአድዋ ልጅ መሆኑን ስናስብ ክብደቱ ይታወቀናል።

ስለ ባቡሩም የሚሰጡት አስተያየት እንዲሁ ያስደንቃል። ሐዲዱ የውጭ ኩባንያ ነበረ። ባቡር በራሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሀገሩ ሰው የእጅ ሥራ ዕውቀት ከሌለው ባቡሩ ጥሬውን ፈጥኖ የሚያወጣና የተሠራውን ፈጥኖ የሚያስገባ መንገድ ብቻ ይሆናል። የሀገር ውስጡን ንግድ ደግሞ በየመንገዱ የተተከለው ኬላ ያንቀው ነበር፤ ነጋዴው ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው በተሻገረ ቍጥር ይቀረጣልና። ገንዘቡም የማርያ ቴሬዛ ብር ስለ ነበረ ዋጋው በውጭ ሀገር የብር ማዕድን ገበያ ከፍና ዝቅ ይል ነበር።

ከዚህም ጋር በጦርነትና በዘረፋ መኖርን አጥብቀው ይነቅፋሉ። ወታደር የገበሬውን እህል ሲበላ መንግሥት የሚጠነክር ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚበላው የራሱን ሥር ነው፤ ገበሬው ከደኸየ ንጉሡ የሚከብርበት ሌላ ምንጭ የለውምና። ይህን ክፍል የወላይታ ልጅ ሲያነበው ሩቅ ነገር ሆኖ አይታየውም። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ባዘመቱት ጦርነት ንጉሣችን ካዎ ጦና ተማረኩ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ ብዙ ከብትም ተነዳ። ከዚያ በኋላ የመጣው የገባርነት ኑሮ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ መልኩን እየለዋወጠ ቈየ። ሽማግሌዎቻችን በቃል የሚተርኩትን ችግር አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ምክንያቱን በብዕር ጽፎት ማግኘት መጽሐፍን እንደ ዘመድ ያስቈጥራል።

ነገር ግን ጥሩ መጽሐፍ የሚያከራክር ነው እንጂ የሚያሰግድ አይደለም። እኔም በአንድ ነገር ከነጋድራሱ አሳብ እለያለሁ። ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉት በብልህ ንጉሥ ላይ ነው። ንጉሡ ቢያውቅ፥ ንጉሡ ቢያዝዝ ሀገሩ ይለማል የሚል አሳብ በሁለቱም መጻሕፍት ይታያል። ገበሬው የሚታዘንለት እንጂ የሚጠየቅ ሰው ሆኖ እምብዛም አይታይም። የአውሮፓንም ዕውቀት ሲያከብሩ በሀገሩ ሰው እጅ ያለውን ዕውቀት አንዳንድ ጊዜ ያሳንሱታል። የወላይታ ገበሬ እንሰትን ከመትከል ጀምሮ ፍቆ፥ ቀብሮ፥ አብላልቶ ምግብ እስከ ማድረግ የሚያውቀው ነገር፥ ሸማኔውም ዱንጉዛን በልዩ ልዩ ቀለም ሲሸምን የሚቈጥረው ሂሳብ ዕውቀት ነው። የጐደለው ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን ያንን ዕውቀት የሚያበዛ መሣሪያ፥ ገንዘብና የመናገር ዕድልም ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ይህን ለመቃወም እንኳ ያስቻለኝ የእርሳቸው መጽሐፍ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ካረፉ በኋላ መጻሕፍታቸው ለብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ቈዩ። ራውል ፕሬቢሽ የተባለው የአርጀንቲና የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጥሬ ሀብት የሚሸጡ ሀገሮች በዓለም ገበያ እየተጐዱ መሄዳቸውን የሚያስረዳውን ስመ ጥር ጽሑፉን ያወጣው በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው፤ የእኛው ሰው መጽሐፍ ግን ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ ታትሞ ነበር። በአማርኛ የተጻፈ በመሆኑ ዓለም አላነበበውም። በ1987 ዓ.ም. ተንክር ቦንገር ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤትም ሥራዎቻቸውን እንደ ገና አሳትሟል። ዛሬ የታሪክም የምጣኔ ሀብትም መምህራን ስማቸውን በክብር ያነሣሉ።

የተወደዳችሁ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ይህን መጽሐፍ ፈልጋችሁ ብታነቡት መጀመሪያ ላይ ይከብዳችኋል፤ አማርኛው የመቶ ዓመት አማርኛ ነውና። ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁም ተወያዩበት። ኢትዮጵያ ዛሬም ቡናዋን በአብዛኛው ሳትቈላ ትሸጣለች፤ ከወላይታ የሚወጣው ዝንጅብልም አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በጥሬው ነው። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው፥ ከእኛስ ማን ምን ቢማር ይለወጣል የሚለው ጥያቄ ለፈተና የሚወጣ አይደለም፤ ነገር ግን ከፈተና በኋላ ለምንኖረው ኑሮ ሁሉ የሚወጣ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ያልሆነ ሌላ መጽሐፍ ይዞ ብታዩት ጊዜውን በከንቱ የሚያጠፋ አይምሰላችሁ። በረኃብ ዘመን አባቱን ያጣ አንድ የአድዋ ሕፃን ፊደል የሚያስተምረው ሰው ስላገኘ ሀገሩን የሚያስጠይቅ መጽሐፍ ጽፎ ሄዷል። በዲምቱም ዛሬ ማታ በኵራዝ ወይም በመብራት ሥር የሚያነብ ልጅ አለ። ነጋድራሱ ጠይቀው ሳይመልሱት የሞቱትን ጥያቄ ከሚመልሱት አንዱ እርሱ ወይም እርሷ ሊሆኑ ይችላሉ።